ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ፦ ስለ ኪንሻሳው የጎዳና ባንድ ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ይሄን ባንድ ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። አንዱ "እነዚህ ደሞ እነማን ናቸው" ይለኛል፣ ሌላው "ያ ልጅ የያዘው ጣሳ ምንድነው" ይለኛል፣ ሦስተኛው ገና ሙዚቃው ሳይጀምር "ወይኔ ሲያሳዝኑ" ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ለሁሉም በየተራ ከመመለስ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ቀንሳችሁ አንብቡ።

እሺ፣ እነማን ናቸው?

ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ ይባላሉ። ኪንሻሳ ጎዳና ላይ የተፈጠረ ባንድ ነው፣ የኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ፣ ድሮ ዛየር የምንላት። ከፊት ተደርድረው የሚዘፍኑትና ጊታር የሚጫወቱት ጎልማሶች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ፖሊዮ (እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው) ይዟቸው እግራቸው የማይሰራ ናቸው፣ ራሳቸው ባሰሩት ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ላይ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት። ከኋላ ምቱን የያዙት ደሞ ወጣቶች ናቸው፣ ጎዳና ላይ ያደጉም አሉበት። ከመስራቾቹ አንዱ ሪኪ ሊካቡ ነው፣ ሰው ሁሉ "ፓፓ ሪኪ" ነው የሚለው፣ ያው እኛ ጋሼ እንደምንለው። ከሱ ጋር ኮኮ ንጋምባሊ ነበር፣ ብዙዎቹን ዘፈኖች የደረሰው እሱ ነው፣ ቴዎ ነበር፣ ጁናና ነበር፣ "ካቫሊዬ" የሚሉት ቤዝ ተጫዋች ነበር፣ ከዛ ሮጀር ላንዱ ነበር፣ የጣሳው ልጅ። ስለሱ ብቻውን አወራለሁ ቆዩ።

ጎዳና ላይ ስትል የት የት?

መሀል ከተማ፣ ፈረንጅና ገንዘብ ያለው ሰው የሚበላባቸው ሬስቶራንቶች ደጃፍ ላይ። ማታ ማታ። ልምምዳቸውን ደሞ የሚያደርጉት የከተማው መካነ አራዊት ግቢ ውስጥ ነበር፣ እዛው አካባቢ ነበር የሚያድሩት ብዙዎቹ። ለምን መካነ አራዊት ብትሉኝ ቀላል ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ሰላም ነው፣ ደሞ ጮኻችሁብን የሚል ጎረቤት የለም።

ስሙ ምን ማለት ነው?

በሊንጋላ (የኪንሻሳ ሰው የሚግባባበት ቋንቋ) "ቤንዳ ቢሊሊ" ማለት በግርድፉ ከምታየው ነገር ባሻገር እይ፣ የተሸፈነውን አውጣና ተመልከት እንደማለት ነው። ስማቸውን ራሳቸው ናቸው ያወጡት፣ ስለዚህ ከንፈር ከመምጠጥ በፊት ስሙን ማንበብ ነው።

ምን አይነት ሙዚቃ ነው የሚጫወቱት? ሩምባ ነው? ሬጌ ነው? አልገባኝም

አልገባኝም ያላችሁት ልክ ናችሁ። መሰረቱ የኮንጎ ሩምባ ነው፣ ግን ባንዱን አምስት ደቂቃ ስትሰሙት ሩምባው መሀል የድሮ የአሜሪካ አር ኤንድ ቢ ይገባል፣ ፈንክ ይገባል፣ የሬጌ ሽታ ይመጣል፣ የኩባ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ ደሞ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር ብሉዝ ሊመስላችሁ ይችላል። ሰው ይሄን ሲሰማ "ሚክስ አድርገውት ነው" ይላል፣ እኔ ግን እንደዛ አይመስለኝም። ኪንሻሳ ውስጥ እነዚህ ሙዚቃዎች ድሮም ተለያይተው አያውቁም።

የኮንጎ ሩምባ ራሱ ታሪኩ ዞሮ የመጣ ሙዚቃ ነው። ከኮንጎ ወንዝ አካባቢ በባርነት ተወስደው ኩባ የደረሱ ሰዎች ምታቸውን ይዘው ሄዱ፣ እዛ ከስፓኒሽ ጊታር ጋር ተቀላቀለ፣ ከዛ በ1930ዎቹና 40ዎቹ የኩባ ሸክላዎች በንግድ መርከብ ወደ ኮንጎ ተመልሰው ሲመጡ የዛ አገር ሰው "ኧረ ይሄማ የኛ ነው" ብሎ ተቀበለውና በሊንጋላ መዝፈን ጀመረ። ጊታሪስቱ ፍራንኮና ባንዱ ኦኬ ጃዝ በ1956 የተነሱት ከዚህ ነው። የሩምባ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፣ መጀመሪያ ለስለስ ያለው የፍቅር ወይ የምክር ክፍል፣ ቀጥሎ ጊታሮቹ እየተደራረቡ የሚፈጥኑበትና ሰው ሁሉ የሚነሳበት፣ ይሄን ሁለተኛውን "ሰበን" ይሉታል። ሰርግ ቤት አዊሎ ሎንጎምባ ሲከፈት ጉልበቱን የረሳ ሽማግሌ አይታችሁ ከሆነ ሰበን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በ2021 ዩኔስኮ የኮንጎ ሩምባን የሁለቱም ኮንጎዎች ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ፈንኩ ደሞ የራሱ መግቢያ በር አለው። በ1974 መሀመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ሊቧቀሱ ሲሉ የሦስት ቀን ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ነበር፣ ጄምስ ብራውን መጥቶ ዘፍኗል። ቡጢው በፎርማን ጉዳት ምክንያት ወደ ጥቅምት መጨረሻ ሲገፋ ሙዚቃው ግን በመስከረም ቀኑን ጠብቆ ተካሄደ፣ ያኔ ልጅ የነበረ የኪንሻሳ ሰው ጄምስ ብራውንን እንደ ሩቅ አገር ዘፋኝ አይቶት አያውቅም። ለዚህ ነው ቤንዳ ቢሊሊዎች "ዠ ቴም" የሚለው ዘፈናቸው መሀል የሱን ታዋቂ "ሴክስ ማሽን" ጣል ሲያደርጉት እንደ ቀልድም እንደ ዘመድ ሰላምታም የሚሰማው።

ሌላው የምጨምረው ነገር የጎዳናው ነው፣ ጎዳና ላይ ስትጫወት የሚያልፈው ሰው አንድ አይነት አይደለም። አንዱ ሽማግሌ ነው ሩምባ ነው የሚፈልገው፣ አንዱ ፈረንጅ ነው ፈንክ ሲሰማ ይቆማል፣ አንዱ ወጣት ነው ሬጌ ካልሆነ አያይህም፣ ሁሉም በሦስት ደቂቃ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፣ ኪሱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ውስጥ ለሁሉም መንጠቆ ታስቀምጣለህ። የኛ አዝማሪ እኮ ገበታው ላይ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ጎጃሜ ከሆነ ጎጃምኛ፣ ወሎዬ ከሆነ አምባሰል የሚያወርደው በዚሁ ሂሳብ ነው።

ያ ልጅ የያዘው ባለ አንድ ክር ነገር ማሲንቆ ነው እንዴ?

ይሄ ጥያቄ ከኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው፣ ደስ ይለኛል። አይደለም፣ "ሳቶንጌ" ይባላል፣ ሮጀር ላንዱ ራሱ የሰራው ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ አለ፣ ጣሳው ላይ የተተከለ የሚለመጥ ቀጭን እንጨት አለ፣ ከጣሳው ወደ እንጨቱ ጫፍ የተወጠረ አንድ የብረት ክር አለ። በቃ ይሄው ነው። በአንድ እጁ ክሩን ይመታል፣ በሌላኛው እንጨቱን እየለመጠ ክሩን ያጠብቀዋል ያላላዋል፣ ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል ሲላላ ይወፍራል።

ማሲንቋችን ጋር አንድ የሚያደርገው አንድ ክር መሆኑና ከሰው ድምፅ ጋር መፎካከሩ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፣ ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ነው፣ በቆዳ የተለበጠ ሳጥን አለው፣ በደጋን እየተገዘገዘ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ነው ዜማው የሚወጣው፣ ስለዚህ ድምፁ ይሳባል ያለቅሳል። ሳቶንጌ ደጋን የለውም፣ በጣት ነው የሚመታው፣ ስለዚህ ይነጥራል፣ ደሞ ክሩ ብረት ስለሆነና ጣሳው ስለሚርገበገብ እንደተበላሸ ሬዲዮ የመቧጠጥ ድምፅ አለው፣ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ጭራሽ የሮክ ጊታር ሶሎ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ስሰማው ሲንተሳይዘር መስሎኝ ነበር ስል አላፍርም። ጣሳ መሆኑን ያወቅኩት ቪዲዮውን ሳየው ነው፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አየሁት።

ሮጀር ባንዱን ሲቀላቀል ገና አስራዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር፣ ጣሳውን ይዞ ጎዳና ላይ ሳንቲም የሚለቅም። ፓፓ ሪኪ ጋር ከገባ በኋላ እዛው ባንዱ ውስጥ አደገ፣ ድምፁ ሲጎረምስ ሁሉ በካሜራ ተይዟል። ትልልቆቹ እየጮሁበት እያረሙት፣ አንዳንዴ በደንብ እየተቆጡት ነው ያሳደጉት፣ ልክ የኛ ሰፈር ጋሽ እገሌ የሰው ልጅ እንደሚቆጣው። እኔ ከዘፈኑ ሁሉ በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው።

ድራሙስ?

የሳጥን፣ የቆርቆሮና የመሳሰለው ጥምር ነው፣ ድራም የሚመስለውን ነገር ሁሉ ድራም አድርገውታል። ኪንሻሳ ውስጥ "አንቀጽ 15" የሚባል የቆየ ቀልድ አለ፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 15 "እንደምንም ተወጣው" ይላል እየተባለ የሚቀለድበት፣ መንግስት ምንም ካላደረገልህ ራስህ ፍጠር ማለት ነው። እኛ "ጦም ከማደር" የምንላት አይነት። እነዚህ ልጆች አንቀጽ 15ን ወደ ባስ ድራም ቀይረውታል።

ሳይክሎቹ ለምን ሞተር ሳይክል መሰሉ?

ምክንያቱም ለሙዚቃ ተብለው አልተሰሩም፣ ለንግድ ነው። ይሄ ታሪክ ከባንዱም ይበልጥ የሚገርም ነው።

ኪንሻሳና ብራዛቪል የሁለት አገር ዋና ከተሞች ናቸው፣ ግን ፊት ለፊት ናቸው፣ መሀላቸው የኮንጎ ወንዝ ብቻ ነው ያለው፣ በጀልባ ነው የሚሻገሩት። ዛየርን ይገዛ በነበረው በሞቡቱ ዘመን ለአካል ጉዳተኞች የጀልባ ዋጋ ቅናሽና የቀረጥ እፎይታ ተሰጠ። በዚህ ምክንያት ወንዙን የሚያሻግረው ንግድ ትልቅ ክፍሉ በአካል ጉዳተኞች እጅ ገባ። ባለ ሦስት ጎማውን ሳይክል አስረዝመው፣ ብረት በብየዳ ጨምረውበት፣ ከስር ከኋላ ጆንያ የሚያስቀምጥ ቦታ አውጥተውለት ሸቀጥ ይጭኑበታል፣ በእጅ የሚዘወረውን እነሱ ይዘውራሉ ከኋላ ደሞ ሁለት ሦስት ጎረምሳ ይገፋል፣ የሚገፋውም የቀን ገቢ አለው። ማለት የምፈልገው ዊልቸሩ ላይ ያለው ሰውዬ አሰሪ ነው፣ እግር ያለው ተቀጣሪ ነው። ወደቡ አካባቢ የነሱ ማህበር የሚፈራ ነበር። ከባንዱም በዚህ ንግድ የኖሩ አሉ። ስለዚህ ሳይክሉ ላይ ያለውን መብራት፣ ቀለምና ጌጥ ስታዩ የለማኝ ዕቃ አድርጋችሁ አትዩት፣ የነጋዴ መኪና ነው።

አልበሙን እውነት መካነ አራዊት ውስጥ ነው የቀዱት?

አዎ። "ትሬ ትሬ ፎር" ይባላል፣ በፈረንሳይኛ "በጣም በጣም ጠንካራ" ማለት ነው፣ በ2009 የወጣ፣ ያሳተመው ክራምድ ዲስክስ የሚባል የብራሰልስ ድርጅት ነው። የቀዳው ቤልጂየማዊው ቪንሰንት ኬኒስ ነው፣ ኮኖኖ ኑሜሮ አንን ያወጣውም እሱ ነው (እነሱን ካላወቃችሁ ከስር አለላችሁ)። ስቱዲዮ ወስዶ ሳያስጨንቃቸው እነሱ የሚለማመዱበት ዛፍ ስር መጥቶ አንድ አስራ ሁለት ገደማ ማይክ፣ አንድ ማክቡክ ላፕቶፕ፣ አንድ መቶ ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግቶ ነው የቀዳው። መብራቱ ደሞ እዛው ግቢ ካለ ሰው የማይገባበት ቡና ቤት በዘዴ የተሳበ ነው ይባላል፣ ያው አንቀጽ 15 ፈረንጁም ጋር ደርሳለች ማለት ነው።

ከዛ በፊት በሌላ ጊዜ መቅዳት ጀምረው ነበር፣ ግን ያርፉበት የነበረው መጠለያ ተቃጠለና ሁሉም ነገር ቆመ። እንደገና ተሰባስበው አልበሙን እስኪያወጡ አመታት አልፈዋል፣ ሪኪ በዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ባንዱን እንዴት አንድ ላይ እንዳቆየው ለኔ ከሙዚቃው እኩል ተአምር ነው፣ ምክንያቱም ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው ነገ ልምምድ አለ ብለህ ዛሬ ጦሙን ሲያድር ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

ፊልም አላቸው ይባላል

አላቸው። ሬኖ ባሬና ፍሎራን ደ ላ ቱላይ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፊልም ሰሪዎች በ2004 ኪንሻሳ ውስጥ አገኟቸውና ለአምስት አመት ያህል ተከታትለው ቀረጿቸው። ፊልሙ በባንዱ ስም "ቤንዳ ቢሊሊ!" ተብሎ በ2010 ወጣ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳይሬክተሮች አስራ አምስት ቀን የሚባለው ፕሮግራም የተከፈተው በሱ ነው። እዩት ነው የምለው፣ በተለይ ለሮጀር ልጅነት ስትሉ። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ፣ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ስለ ድህነቱ ያወራኛል ስለ ጊታሩ ግን ትንፍሽ አይልም። ጥፋቱ የፊልሙ ይሁን የኛ አይን ልምድ እሱን ለናንተ ልተወው።

ዘፈኖቹ ስለምንድናቸው? ቋንቋው አይገባንም

አብዛኛው ሊንጋላ ነው፣ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ይላል። ግጥሙ እኛ እንደምንጠብቀው የፍቅር ብቻ አይደለም፣ ምክር አለበት፣ ማስታወቂያ ሁሉ አለበት። ሁለት ብቻ ልንገራችሁ።

"ቶንካራ" ማለት ካርቶን ነው። ጎዳና ላይ ያደረ ሰው ካርቶን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ፍራሽም ብርድ ልብስም ግድግዳም ነው። ዘፈኑ ካርቶን ላይ ተኝቶ ስለነበረ ሰውና ዕድል ሽማግሌ ነህ ወጣት ነህ ሳትል ድንገት ልትመጣ እንደምትችል ነው፣ ግን የሚያለቅስ ዘፈን እንዳይመስላችሁ፣ ያስጨፍራል።

"ፖሊዮ" የሚለው ደሞ ዘገም ያለ ሩምባ ነው። ዘፋኙ እኔን ፖሊዮ እንዲህ አደረገኝ ይልና ወደ ወላጆች ዞሮ ልጆቻችሁን ውሰዱና አስከትቡ ብሎ ይለምናል፣ ቀጥሎ ደሞ የተጎዳ ልጅ ካላችሁም አትጣሉት፣ እንደ ሌላው ልጅ ነው ይላል። ስንት የጤና ጥበቃ ማስታወቂያ ሰምቼ እንደዚህ ያስቆመኝ የለም።

ከነዚህ ሌላ በ2006 ኮንጎ ከአርባ አመት በላይ ቆይታ የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ስታካሂድ ሰው ወጥቶ እንዲመርጥ የሚቀሰቅስ ዘፈን ሰርተው አገር ምድሩ ሰምቶታል፣ ገና አልበም ሳይኖራቸው። የሚያድሩት ግን እዛው ጎዳና ላይ ነበር።

ፖሊዮ እኮ ጠፍቷል አይደል እንዴ?

ግማሽ እውነት ነው። ነሐሴ 2020 (የፈረንጅ ኦገስት 25) የአፍሪካ አህጉር ከዋናው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ነው ተብሎ ተረጋግጧል። ግን የክትባት ሽፋን ዝቅ ባለባቸው ቦታዎች ከክትባቱ ደካማ ቫይረስ ተለውጦ የሚነሳ ሌላ አይነት አለ፣ እሱ በኮንጎም በኛም አገር ታይቷል፣ መፍትሄውም ያው ክትባት ነው። ከሚያዛቸው 200 ሰዎች አንዱን ገደማ ነው እስከመጨረሻው ሽባ የሚያደርገው፣ አንዴ ካደረገ ደሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ቤት ለቤት ጠብታ ይዘው የሚዞሩትን ልጆች ቡና ላይ ነኝ ብላችሁ አትመልሷቸው።

ታዋቂ ከሆኑ በኋላ ምን ሆነ?

በ2009 አውሮፓ ሄዱ፣ ትልልቅ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ፣ ፈረንሳይ ቤልፎር ውስጥ ዩሮኬየን የሚባለው የሮክ ፌስቲቫል አንዱ ነው፣ በዛው አመት የዎሜክስን የአርቲስት ሽልማት ወሰዱ፣ እሱ ደሞ በአለም ሙዚቃ ገበያ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከዛ ብዙ አገር ዞሩ። በ2012 ሁለተኛ አልበማቸው "ቡዤ ለ ሞንድ!" ወጣ፣ አለምን እናንቀሳቅስ ማለት ነው። ድምፁ ከመጀመሪያው የተወለወለ ነው፣ ጊታሩ ጠንከር ይላል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ጓደኛዬ ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ተከራክረን አልተስማማንም።

ለምን ተለያዩ ታዲያ?

በ2013 መጀመሪያ ኮኮና ቴዎ ከባንዱ ወጡ፣ የታቀደው የኮንሰርት ጉዞ ተሰረዘ። ከሪኪ ጋር መግባባት አልቻሉም። ከዚህ በላይ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፣ ባንድ ሲለያይ እያንዳንዱ የራሱን እውነት ነው የሚያወራው፣ የኛ አገር ባንዶች ሲበተኑም አይተናል እኮ፣ ከስድስቱ ሰው ስድስት ታሪክ ነው የምትሰማው።

አሁንስ አሉ?

በሁለት መንገድ ነው የቀጠሉት። ኮኮና ቴዎ ወጣት ሙዚቀኞች ጨምረው፣ ፓሪስ ከሚኖረው ዶክተር ኤል ከሚባል አየርላንዳዊ ፕሮዲውሰር ጋር ሆነው ምቦንግዋና ስታር የሚባል ባንድ አቋቋሙ፣ ምቦንግዋና በሊንጋላ ለውጥ ነው። በ2015 "ከኪንሻሳ" የሚል አልበም አወጡ፣ ያሳተመው ወርልድ ሰርኪት ነው፣ የኩባዎቹን ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ ያወጣው። ይሄኛው ጭራሽ ሌላ አለም ነው፣ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ድምፁ የተቆራረጠ፣ ቤዙ የሚያስፈራ፣ ጨረቃ ላይ የተቀዳ ነው የሚመስለው፣ ሩምባው ግን ከስር አለ፣ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ሩምባ የሚወድ አጎታችሁን ይሄን አታስጀምሩት፣ ይቀየማችኋል።

ሪኪ ደሞ የስታፍ ቤንዳ ቢሊሊን ስም ይዞ በአዲስ ልጆች ቀጠለ፣ በ2019 ሌላ አልበም አውጥተዋል።

ኮኖኖ ያልከውስ?

ኮኖኖ ኑሜሮ አን፣ እሱም የኪንሻሳ ነው። ሊኬምቤ የሚባለውን በአውራ ጣት የሚመታ ባለ ብረት ምላስ መሳሪያ ከአሮጌ መኪና ዕቃ በተሰራ ማይክ አጉልተው የሚጫወቱ ናቸው፣ መስራቹ ማዋንጉ ሚንጊዬዲ ነው። ሙዚቃቸው ከአንጎላ ድንበር አካባቢ የመጣ የለቅሶና የድግስ ሙዚቃ ነበር፣ ከተማ ሲገባ ትራፊኩ አላሰማ ሲል አጎሉት፣ ሲያጎሉት ተጎረበጠ፣ ጉርብጥብጡ ራሱ ሙዚቃ ሆነ። የአይስላንዷ ዘፋኝ ቢዮርክ በ2007 አልበሟ ላይ አስገብታቸዋለች። ቤንዳ ቢሊሊን የወደደ እነሱንም ይወዳል ማለት ግን አይደለም፣ ኮኖኖ ዜማ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፣ ምት ለሚፈልግ ነው።

እውነቱን ንገረን፣ አካል ጉዳተኛ ባይሆኑ ይሄን ያህል ይወራላቸው ነበር?

ይሄን ጥያቄ በደንብ ነው የምወደው ምክንያቱም ሰው ሁሉ በሆዱ ያስበውና አይጠይቀውም። መልሴ፣ አይወራላቸውም ነበር ምናልባት፣ ጋዜጣው ላይ ቶሎ አይወጡም ነበር። ግን መወራት ሌላ ነው መሰማት ሌላ። ወሬው አንድ ጊዜ ያስከፍታችኋል፣ ሁለተኛ ጊዜ የምትከፍቱት ጊታሩ ስለጠራችሁ ነው። አራቱ ሰዎች አንድ ላይ ሲዘፍኑ ስሙት፣ አንዱ ያወጣል ሦስቱ ይቀበላሉ፣ ተቀባዮቹ ድምፃቸውን የሚከፋፍሉበት መንገድ ስንት አመት አብሮ የበላ የጠጣ ሰው ብቻ የሚችለው ነው።

ስለራሴም ልናገር። ከቢሮ ወደ ታክሲ ስሄድ ስፒከር አንግቶ ማይክ ይዞ የሚዘፍን አይነ ስውር ሰውዬ አለ፣ ለሁለት አመት ያህል በየቀኑ አልፌዋለሁ፣ አንዳንዴ አስር ብር አስቀምጣለሁ፣ አንድ ቀን ምን እንደሚዘፍን ቆሜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እነዚህን የኪንሻሳ ሰዎች ከሰማሁ በኋላ አንድ ማታ ዝናብ ይዞኝ እሱ የተጠለለበት በረንዳ ስር ቆምኩ፣ ትዝታ ነበር የሚያወርደው፣ ግጥሙ የራሱ ነው፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ። ሰልፍ ላይ ያለነውን ሁሉ እየሰደበን ነበር ለካ፣ በጨዋ ሰምና ወርቅ። አስር ብሩን እያስቀመጥኩ ስንት ጊዜ እንደተሰደብኩ እግዜር ይወቀው።

ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?

ዩቲዩብ ላይም በሌላውም የሙዚቃ አፕ ሞልቷል፣ በፈረንጅ ፊደል ፈልጉ። ሩምባ የለመደ ሰው "ፖሊዮ"ን፣ መደነስ የፈለገ "ቶንካራ"ን፣ ስራ ቦታ ተደብቆ የሚሰማ "ዠ ቴም"ን ይክፈት፣ ሦስተኛው ላይ ግን ወንበራችሁ መነቃነቁን አለቃችሁ ያያል። አልበሙን ስትሰሙ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ ቤዙ የለም ማለት ነው። ሄድፎን አድርጉ።

ሄድፎን አድርጌ ሰማሁት፣ ከኋላ ክር ክር የሚል ድምፅ አለ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ማታ ነበር የቀዱት፣ የመካነ አራዊቱ እንቁራሪቶች ናቸው።